ለላሊበላ ገና ሮው ላንሳ ወይስ ጄፔግ?

የጦሳ ልጅ፦ ሰላም ቤተሰብ፣ ለገና ላሊበላ ልሄድ ነው። ካሜራዬ ካኖን ባለ 24 ሜጋፒክስል፣ ሚሞሪዬ አንድ ባለ 32 ጊጋ፣ ላፕቶፔ ደሞ አሮጌ። ሁሌ በጄፔግ (ካሜራው ራሱ አስተካክሎና ጨምቆ በሚያስቀምጠው ፋይል) ነው የማነሳው፣ ግን ቤዛ ኩሉ (የገናው ዝማሬ) ላይ ካህናቱ ነጭ ለብሰው ቤተ ማርያም አፋፍ ላይ ሲሰለፉ ከስር ያለው ግቢ ጥላ ነው፣ ነጩ እንዳይቃጠልብኝ (ብርሃን በዝቶበት ዝርዝሩ እንዳይጠፋ) ፈራሁ። ሮው (ካሜራው ሳያስተካክል የሚያስቀምጠው ጥሬ ፋይል) ያዋጣኛል?

ከኮምቦልቻ፦ ለዚህማ ሮው ነው ወንድሜ። ጄፔግ ለአንድ ቀለም 256 ደረጃ ብቻ ነው የሚይዝልህ፣ 14 ቢት ሮው ግን 16,384፣ ጥላ ውስጥ ያለውን ቋጥኝ በኋላ ስታበራው ልዩነቱ ያን ጊዜ ይገባሃል። ግን ሮው ነው ብለህ ብርሃን አትልቀቅበት፣ ጭራሽ የተቃጠለ ነጠላ በሮውም አይመለስም። ለነጩ ለክተህ ትንሽ አጨልመህ አንሳ። ሂስቶግራሙ (ካሜራው ላይ የብርሃኑን ስርጭት የሚያሳይህ ግራፍ) ደሞ የሚሰራው ከጄፔጉ ነው፣ ተቃጠለ ቢልህም ሮው ላይ ትንሽ ሊተርፍ ይችላል።

ፒያሳ ስቱዲዮ፦ ኧረ ተዉት አቦ፣ ሁሉም ሮው ሮው ይላል። እኔ እዚሁ ደሴ ሰርግ ነው የምሰራው፣ ሙሽሮቹ ገና አዳራሽ ሳይወጡ በቴሌግራም ላክልን ይላሉ፣ ያን ሁሉ ሮው ቁጭ ብሎ ማን ያስተካክላል? ዋይት ባላንሱን (ነጩ ነጭ ሆኖ እንዲታይ የሚያደርገውን የቀለም ማስተካከያ) እዛው አስተካክለህ በትልቁ ጄፔግ ካነሳህ ለህትመትም ይበቃል። (ስትልኩ ግን እንደ ፋይል ላኩ፣ እንደ ፎቶ ከላካችሁት ቴሌግራም ያሳንሰዋል።)

ከኮምቦልቻ፦ አዳራሽና ላሊበላ ምን አገናኘው? ቤተክርስቲያኑ ውስጥ የሻማው ቢጫና በበሩ የሚገባው የቀን ብርሃን ተደባልቆ የቱን ዋይት ባላንስ ልትመርጥ ነው? ሮው ላይ ቤትህ ገብተህ ትወስናለህ።

ሀይቅ ዳር፦ አብሽር፣ ሁለቱንም ባንዴ ማንሳት ይቻላል፣ ጄፔጉን ማታውኑ ትልካለህ። የ24 ሜጋፒክስል ሮው ወደ 25 እና 30 ሜጋባይት ስለሚሆን 32 ጊጋህ ከጄፔጉ ጋር 800 አካባቢ ይይዝልሃል። ችግሩ ሲያሸበሽቡ ጣትህን ሳታነሳ ከተኮስክ ባፈሩ (የካሜራው ጊዜያዊ ማከማቻ) ይሞላና ካሜራው ይቆማል፣ ቆጥበህ ተኩስ። ፋይሉ ሲአር3 (የአዳዲስ ካኖኖች ሮው) ከሆነ አሮጌ ላይትሩም (የፎቶ ማስተካከያ ፕሮግራም) አይከፍተውም፣ ፋይሉን የሚቀይርልህ የአዶቤ ዲኤንጂ ኮንቨርተር ነጻ ነው፣ ሳትሄድ ሞክረው።

የጦሳ ልጅ፦ እሽ፣ ለቤዛ ኩሉና ለውስጡ ሁለቱንም፣ መንገድ ላይ ጄፔግ ብቻ። ኮምቦልቻ ኦርጅናል ሚሞሪ የት ይገኛል?

ከኮምቦልቻ፦ በውስጥ ላክልኝ፣ ሱቁን አሳይሃለሁ፣ ግን ካሜራህን ይዘህ ና፣ ሳንሞክረው አንከፍልም።