ክላስ ዋን ሜዲካልን ከአንዱ አገር ሲቪል አቪዬሽን ወደ ሌላው ማዛወር ይቻላል?

ጥያቄ፦ ነጭ ደመና

ሰላም ለሁላችሁ። ከአውሮፓም ከአሜሪካም ውጪ ከሆነ የአይካኦ (የዓለም አቀፉ ሲቪል አቪዬሽን ድርጅት) አባል አገር ያወጣሁት ሲፒኤል (የንግድ አብራሪ ፈቃድ) እና ክላስ ዋን ሜዲካል (ለንግድ አብራሪ የሚያስፈልገው የጤና ብቃት ሰርተፊኬት) አለኝ። ሜዲካሉ ሊያልቅ ገና ሰባት ወር ይቀረዋል። ዕድሜዬ 41 ነው፤ ለርቀት መነጽር አደርጋለሁ፣ ከዚህ ሌላ ሕመም የለብኝም። ፈቃዴን ወደ ኢያሳ (የአውሮፓ ኅብረት የአቪዬሽን ደህንነት ኤጀንሲ) ልቀይር አስቤያለሁ። ጎን ለጎን የኤፍኤኤ (የአሜሪካ ፌዴራል አቪዬሽን አስተዳደር) የግል አብራሪ ፈቃድም ማውጣት እፈልጋለሁ። ሜዲካሉን እንዳለ ማዛወር ይቻላል ወይስ እንደ አዲስ ልመረመር ነው? ምን ወረቀትስ ይዤ ልሂድ?

መልስ፦ ሎግቡክ

እንዳለ አይዛወርም። ሜዲካል የሚሠራው ከወጣበት አገር ፈቃድ ጋር ነው። ሦስት መንገዶች ስላሉ መጀመሪያ የአንተ የትኛው እንደሆነ ለይ።

አንደኛው ቫሊዴሽን ነው። አዲሱ አገር የድሮ ፈቃድህን ለተወሰነ ጊዜ ይቀበልልሃል፤ መሠረቱ ግን የድሮው ፈቃድ ነው። በአይካኦ የፈቃድ ደንብ በአኔክስ 1 መሠረት ቫሊዴሽኑ ከዋናው ፈቃድ ዕድሜ አልፎ ሊሠራ አይችልም። ብዙ አገሮች የድሮውን ሜዲካል አብረው ይቀበላሉ፤ ኢያሳ ግን ለንግድ በረራ ቫሊዴሽን እንኳ በራሱ የሕክምና ደንብ በፓርት ሜድ የወጣ ክላስ ዋን ይጠይቃል።

ሁለተኛው ኮንቨርዥን ነው፣ የአንተም ይኸው ነው። አዲስ ፈቃድ ስለሚወጣልህ አዲስ ሜዲካል ግድ ነው። የቀረህ ሰባት ወር አይቆጠርልህም።

ሦስተኛው የፋይል ዝውውር ነው፤ በኢያሳ አባል አገሮች መካከል ብቻ የሚሠራ። አንዴ የኢያሳ ፈቃድ ከያዝክ በኋላ ወደ ሌላ አባል አገር ስትዞር ምርመራ አይደገምም፤ ለተቀባዩ ባለሥልጣን ታመለክታለህ፣ የፈቃድህም የሕክምናህም ፋይል ከባለሥልጣን ወደ ባለሥልጣን ይሄዳል። ሁለቱ ፋይሎች አንድ አገር መቀመጥ አለባቸው። ፈቃዱን አዛውሮ የሕክምና ፋይሉን መተው አይቻልም። እንግሊዝ ከ2020 መጨረሻ ወዲህ እዚህ ውስጥ የለችም፣ የእሷ ሜዲካል ለኢያሳ ፈቃድ አይሆንም።

መልስ፦ ታክሲዌይ

ኢሲጂ (የልብ ግራፍ) እና ኦዲዮግራም (የመስማት ምርመራ) በቅርቡ ካሠራህ ይዘህ ሂድ፣ አያስደግሙህም።

መልስ፦ የአየር ሐኪም

ታክሲዌይ ያለው ልክ አይደለም። የመጀመሪያ ክላስ ዋን በኢያሳ የሚሰጠው በኤሮሜዲካል ሴንተር (የአብራሪዎች ሕክምና ማዕከል) ብቻ ነው፤ ተራ ኤኤምኢ (አብራሪዎችን የሚመረምር ሐኪም) ማደስ እንጂ የመጀመሪያውን መስጠት አይችልም። ኢሲጂ፣ ኦዲዮግራም፣ ስፓይሮሜትሪ (የሳንባ ምርመራ)፣ ሄሞግሎቢን፣ የደም ቅባት፣ ሽንትና ሙሉ የዓይን ምርመራ ሁሉም እዚያው ይሠራሉ። የድሮው ኢሲጂ ጥቅሙ ሌላ ነው። ለምሳሌ በግራፉ ላይ የቀኝ በኩል ብሎክ (የልብ የኤሌክትሪክ መስመር መዘጋት) ከታየ፣ ከዓመታት በፊት የተነሳው ወረቀት ነገሩ አዲስ እንዳልሆነ ያሳያል። ሙሉ ብሎክ ከሆነ የልብ ሐኪም ማየቱ አይቀርም፣ ግን ሐኪሙ የሚያወዳድረው ነገር ሲኖረው ነገሩ ቶሎ ያልቃል። ስለዚህ ውጤቱን የሚገልጸውን ደብዳቤ ብቻ ሳይሆን ግራፉን ራሱን ቅጂ አውጣ።

ሰው የሚሰናከልባቸውን ልንገርህ፦

ቀለም ብዙ ሰው የሚወድቅበት ነው። ከባለ 24 ገጹ የቀለም መለያ ፈተና ከኢሺሃራ የመጀመሪያዎቹን 15 ገጾች ያለ አንድ ስሕተት ማንበብ አለብህ። ካልሆነ ወደ አኖማሎስኮፕ፣ ወደ ላንተርን ወይም ወደ ካድ ፈተና ትላካለህ፤ ይህ መሣሪያ ሁሉም ማዕከል ላይ ስለሌለ ከቀጠሮው በፊት ጠይቅ። ቀለም ያለው ሌንስ አድርገህ አትሂድ።

ዕይታ በመነጽር እያንዳንዱ ዓይን 6/9፣ ሁለቱ አንድ ላይ 6/6 ነው። ማዮፒያህ (የርቀት ዕይታ ድክመትህ) ከ6 ዳዮፕተር ካለፈ የዓይን ስፔሻሊስት ተጨማሪ ግምገማ ይጠየቃል። የመነጽር ማዘዣህን ያዝ። ሜዲካልህ ላይ ቪዲኤል የሚባል የመነጽር ገደብ ይጻፍብሃል፤ መነጽሩን አድርገህ ትበራለህ፣ ሁለተኛ መነጽርም አብሮህ መኖር አለበት።

መስማት በ500፣ 1000 እና 2000 ኸርዝ ከ35 ዴሲቤል፣ በ3000 ደግሞ ከ50 በላይ ጉድለት እንዳይኖር ነው። ከጩኸት ወጥተህ በቀጥታ አትመርመር። ከባድ ስፖርት በሠራህ ማግስትም ሽንት ላይ ፕሮቲን ሊታይ ስለሚችል አንድ ሁለት ቀን እረፍ።

የደም ግፊት ወሰኑ 160/95 ነው፤ ኤፍኤኤ ጋ 155/95። በአንዱ ያለፈ ሰው በሌላው ሊያዝ እንደሚችል ከዚህ ታያለህ።

በአንተ ዕድሜ የኢያሳ ክላስ ዋን 12 ወር ያገለግላል፤ ብቻህን ሆነህ ተሳፋሪ በክፍያ የምታጓጉዝ ከሆነ ግን 6 ወር ብቻ። ማብቂያው ሊደርስ 45 ቀን ሲቀረው ጀምሮ ብታድስ የድሮው ቀን ይጠበቅልሃል፤ ከዚያ ቀድመህ ካደስክ የተረፈውን ጊዜ ታጣለህ።

መልስ፦ ፋይናል አፕሮች

የኤፍኤኤውን በተመለከተ፣ በ61.75 (በውጭ አገር ፈቃድ ላይ ተመሥርቶ የአሜሪካ ፈቃድ የሚሰጥበት የኤፍኤኤ ደንብ) በኩል ከሄድክ የአሜሪካ ሜዲካል ግድ አይደለም። ፈቃዱ በተመሠረተበት አገር የወጣ ሜዲካል ይበቃል። «በተመሠረተበት አገር» የሚለውን ልብ በል። የአሜሪካውን ወረቀት በአሁኑ ፈቃድህ ላይ ካስመሠረትከው የኢያሳው ሜዲካል አይተካልህም፣ የአሁኑን አገር ሜዲካል ማደስህን ትቀጥላለህ። በኢያሳው ላይ ካስመሠረትከው ደግሞ ፋይልህ የሚቀመጥበትን አገር አስቀድመህ ወስን። የአሜሪካው ሰርተፊኬት ላይ የውጭው ፈቃድ ቁጥር ተጽፎበታል፤ በኋላ አገር ቀይረህ ቁጥሩ ሲለወጥ ሰርተፊኬቱ ዋጋ ያጣል፣ ማረጋገጫው ሁሉ እንደገና ይጀመራል። ማረጋገጫው በ8060-71 ቅጽ ይጠየቃል፤ ኤፍኤኤ ለባለሥልጣንህ ጽፎ ፈቃድህንም ሜዲካልህንም ያጣራል፣ ደብዳቤውም የሚያገለግለው ለ6 ወር ነው።

የአሜሪካ ሜዲካል ለብቻው ካስፈለገህ ለግል በረራ ክላስ ስሪ ይበቃል፣ በ41 ዓመት 24 ወር ይቆያል። ከአሜሪካ ውጪም የኤፍኤኤ ኤኤምኢዎች አሉ። መጀመሪያ በኤፍኤኤ የኢንተርኔት ማመልከቻ በሜድኤክስፕረስ ሞልተህ የማረጋገጫ ቁጥሩን ለሐኪሙ ትሰጣለህ፤ በ60 ቀን ካልተመረመርክ ቅጹ ይጠፋል።

ነጭ ደመና

አመሰግናለሁ፣ በጣም ግልጽ ነው። አንድ ነገር ብቻ፦ አንዱ ባለሥልጣን ብቁ አይደለህም ቢለኝ ሌላው ያውቃል?

መልስ፦ የአየር ሐኪም

ራስህ ትነግራቸዋለህ። የኢያሳ ማመልከቻ ከዚህ በፊት የት እንደተመረመርክ፣ ውጤቱ ምን እንደነበረ፣ ሜዲካል ተከልክለህ ወይም ታግዶብህ እንደሆነ ይጠይቃል፤ የምትፈርመውም ለዚህ ነው። የአሜሪካው ቅጽ በ18ኛው ጥያቄ በዕድሜህ ሙሉ የነበረህን ሕመም፣ በ19ኛው ደግሞ ባለፉት 3 ዓመታት ያየህን ሐኪም ሁሉ ይፈልጋል። የምርመራ ውጤት አጠራጣሪ ሆኖ መዘግየት በአብዛኛው በተጨማሪ ወረቀት ይፈታል። የሐሰት መልስ ግን ኤፍኤኤ ጋ ሜዲካሉን ብቻ ሳይሆን ያለህን የአብራሪ ፈቃድ ሁሉ ሊያሰርዝ ይችላል። የሞላኸውን የእያንዳንዱን ቅጽ ቅጂ አስቀር፤ አንዱ ጋ «ቀዶ ሕክምና የለም» ብለህ ሌላው ጋ ያወጣኸውን ትርፍ አንጀት ብትጽፍ፣ ጥያቄ የሚያስነሳው ቀዶ ሕክምናው ሳይሆን ልዩነቱ ነው።

መልስ፦ ሎግቡክ

በሚቀረው ሰባት ወር የድሮውን ሜዲካል አትተወው። ኮንቨርዥኑ እስኪያልቅ የምትበረው በእሱ ነው።