ብራዚል ለመኖር ለምታስቡ፦ አገሩ አንድ ቦታ አይደለም

ሰላም ለሁላችሁ፣

ከሪያድ የጻፍሽው እህቴ፣ «ወንድሜ ብራዚል ሊሄድ አስቧል፤ አገሩ እንዴት ነው?» ብለሻል። እኔ ደግሞ አስቀድሜ የምጠይቅሽ አለ፦ ብራዚል የት? ይሄ ሳይታወቅ የሚሰጥ ምክር ሰውን ያሳስታል።

ብራዚል ወደ 8.5 ሚሊዮን ካሬ ኪሎ ሜትር ይሰፋል፤ ኢትዮጵያን ከሰባት እጥፍ በላይ ያህላል። በደቡብ አሜሪካ ከቺሊና ከኢኳዶር በቀር የማያዋስነው አገር የለም። በ2022 ቆጠራ ሕዝቡ 203 ሚሊዮን ነበር (ዓመቶቹን ሁሉ የምጽፈው በፈረንጆቹ ነው)። ይህ ሁሉ ሰው ግን የሰፈረው በብዛት በምሥራቅ በኩል፣ በአትላንቲክ ዳርቻና ከዚያ ብዙ ባልራቀው ደጋ ላይ ነው። አማዞን ያለበት የሰሜኑ ክፍል ከአገሩ መሬት ግማሽ የሚጠጋውን ይዞ ከአሥር ሰው አንድ እንኳ አይኖርበትም። እዚያ ያለችው ማናውስ የ2 ሚሊዮን ሰው ከተማ ናት፤ ከሳኦ ፓውሎ በአውሮፕላን 4 ሰዓት ያህል ትርቃለች። በየብስ ልሂድ ላለ ከደቡብ የሚያስገባው መንገድ በዝናብ ወቅት ጭቃ ይሆናል። ብዙው ሰው በወንዙ ላይ በመርከብ፣ ከጣሪያ በተንጠለጠለ የጨርቅ አልጋ እየተኛ ለቀናት ይጓዛል። ስለዚህ «ብራዚል ዘመድ አለኝ» ማለት ብቻውን ምንም አይነግረንም። ዘመዱ ማናውስ ሆኖ ወንድምሽ ሳኦ ፓውሎ ቢወርድ ያው ባዕድ አገር እንደገባ ነው።

ለአዲስ ገቢ እኔ የምመርጠው ሳኦ ፓውሎን ነው። ከተማው ብቻ ከ11 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ አለው፤ ከዙሪያው ጋር ሲደመር ከ20 ሚሊዮን ያልፋል። ኑሮው ውድ ነው፣ ትራፊኩ ያንገሸግሻል፤ ነገር ግን ስደተኛን የሚያውቅ ከተማ ነው። የቦሊቪያ፣ የሄይቲ፣ የአንጎላ፣ የናይጄሪያ፣ የሶሪያ ሰው ሞልቷል። የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ድርጅቶች የሆኑት ሚሳዉ ፓዝና ካሪታስ ማረፊያ ለሌለውና ወረቀት ለሚጀምር ሰው ይረዳሉ። ማዘጋጃ ቤቱም ለስደተኞች ብቻ የተከፈተ መረጃ መስጫ አለው።

ዋና ከተማዋ ከ1960 ጀምሮ ብራዚሊያ ናት። የእኛም ኤምባሲ ያለው እዚያ ነው፤ ለፓስፖርት ጉዳይ ካልሆነ ግን ለጀማሪ አልመክራትም። ወደ ደቡብ፣ ሳንታ ካታሪናና ፓራና በኩል፣ ትልልቅ የዶሮና የሥጋ ፋብሪካዎች አሉ። ለአረብ አገሮች ሐላል ሥጋ ስለሚልኩ ሙስሊም አራጆችን ይፈልጋሉ፤ ከአፍሪካ መጥተው እዚያ የሚሠሩ አሉ። ሥራው ከባድ ነው፣ ቅዝቃዜም አለ። የወቅቱ ነገር ተገልብጧልና በጁላይ ደቡቡ ውርጭ ይመታዋል፤ ጃኬት ሳይዝ እንዳይሄድ። ደመወዝን በተመለከተ የ2025 ዝቅተኛው የወር ደመወዝ 1,518 የብራዚል ሬያል ነበር (የሳዑዲው ሪያል አይደለም)። በዚህ ሳኦ ፓውሎ ላይ ቤት ተከራይቶ፣ በልቶ፣ ለቤተሰብ መላክ እንደማይቻል ከአሁኑ ንገሪው። አከራዮች ዋስ ይጠይቃሉ፤ ዋስ የሌለው እስከ ሦስት ወር ኪራይ መያዣ ሊጠየቅ ስለሚችል ያንን ገንዘብ ይዞ ይግባ።

አሁን ወደሚያሳስበኝ ነገር ልምጣ። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ከ2013 ጀምሮ ሳኦ ፓውሎ ስለሚበር ደላሎች «ትራንዚት ቁረጥ፣ ጓሩልዮስ (የሳኦ ፓውሎ አየር ማረፊያ) ስትወርድ እጅህን ሰጥተህ ጥገኝነት ጠይቅ» እያሉ ብዙ ሰው ልከዋል። ከኦገስት 2024 መጨረሻ ጀምሮ ግን ያ በር ጠብቧል። ወደ ሌላ አገር ትኬት ይዞ የብራዚል ቪዛ ሳይኖረው የሚወርድ መንገደኛ ወይ ወደ መድረሻው ይቀጥላል፣ ወይ ወደ መጣበት ይመለሳል። ከብራዚል ተነስቶ በኮሎምቢያና በፓናማ መካከል ባለው የዳሪየን ጫካ በእግር ወደ ሰሜን፣ ወደ አሜሪካ መሄድን የሚመክረውን ደግሞ እባክሽ አትስሚው። እዚያ ጫካ ውስጥ ሰው በወንዝ ይወሰዳል፣ ይዘረፋል፣ ሴቶች ይደፈራሉ። ቪዛውን አዲስ አበባ ካለው የብራዚል ኤምባሲ ጠይቆ በሕጋዊ መንገድ ይግባ። የአሜሪካ ፓስፖርት ያላችሁም ብትሆኑ ከኤፕሪል 2025 ወዲህ ለጉብኝት ቪዛ ያስፈልጋችኋል፤ በኢንተርኔት ይወጣል።

ከገባ በኋላ አገሩ ወረቀት ላለው ሰው ደግ ነው፤ ይህን ስናገር ከልቤ ነው። መኖሪያ ፈቃድም ሆነ የጥገኝነት ጉዳይ የሚመዘገበው ፌዴራል ፖሊስ ዘንድ ነው። ሴፔኤፊ የሚሉትን የግብር ቁጥር ቶሎ ያውጣ፤ ያለሱ የስልክ ሲም፣ የባንክ ሂሳብ፣ የቤት ውል አይታሰብም። ሂሳብ ከከፈተ ፒክስ የሚሉትን በስልክ ገንዘብ መላላኪያ ያገኛል፤ በመንገድ ዳር ፍራፍሬ የሚሸጠው ሰው እንኳ የሚቀበለው በስልክ ነው። የመንግሥት ሕክምና ለውጭ ዜጋም በነጻ ነው፣ ወረፋው ቢረዝምም። እዚያ የሚወለድ ልጅ በመወለዱ ብቻ ብራዚላዊ ነው፤ ወላጆቹም በእሱ በኩል መኖሪያ ይጠይቃሉ።

«ጥቁር ሰው እዚያ እንዴት ይታያል?» ብለህ ለጠየቅኸው ወንድማችን፦ በ2022 ቆጠራ ራሱን ጥቁር ወይም ክልስ ያለው ሕዝብ ከግማሽ ይበልጣል። በአሜሪካ አህጉር ባርነትን መጨረሻ የከለከለው አገር ነው፣ በ1888። መንገድ ላይ እንግዳ አትመስልም፣ በፖርቱጋልኛ ያናግሩሃል። ይህ ማለት ግን ዘረኝነት የለም ማለት አይደለም። ጥቁር ወጣትን ፖሊስ አዘውትሮ ስለሚያስቆም መታወቂያህ ከኪስህ አይለይ።

አንድ የምወደው ነገር፦ የሳኦ ፓውሎና የአዲስ አበባ ልዩነት ልክ 6 ሰዓት ነው። ስለዚህ የሳኦ ፓውሎ ሰዓት የሚያሳየው ቁጥርና በእኛ አቆጣጠር አገር ቤት ያለው ሰዓት አንድ ነው። እዚያ ጠዋት 9 ሲል እናትሽ ቤት ከቀኑ 9 ሰዓት ነው፤ ለመደወል ሂሳብ አያስፈልግም።

የቢጫ ወባ ክትባት ከጉዞው ቢያንስ 10 ቀን ቀደም ብሎ ይውሰድ። ቋንቋውንም ሳይሄድ ይጀምር። ስፓኒሽ የሚያስተምር ካገኘ አይመዝገብ፣ የሚያስፈልገው ፖርቱጋልኛ ነው። ሳኦ ፓውሎ ከገባ በማዘጋጃ ቤቱ ትምህርት ቤቶች ለስደተኞች በነጻ የሚሰጥ ኮርስ አለና፣ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ሄዶ ይመዝገብ።