የሰባተኛና የስምንተኛ ክፍል ልጆች ዩኒቨርሲቲን እንዲመኙ ምን ላድርግ?

ጠያቂ፦ የሒሳብ መምህር
ሰላም ለቤቱ። ደቡብ ወሎ ውስጥ ከአስፋልቱ ወጣ ባለች ትንሽ ከተማ 7ኛና 8ኛ ክፍል አስተምራለሁ። ባለፈው ሳምንት «ዩኒቨርሲቲ መግባት የሚፈልግ እጁን ያውጣ» አልኩ። ከ58 ልጆች ዘጠኙ አወጡ። የቀሩትን ስጠይቅ ከሴቶቹ ብዙዎቹ «ሳዑዲ»፣ ወንዶቹ «ባጃጅ፤ ተመርቆ የመጣውም ያው ባጃጅ ነው የሚነዳው»። አንዱ ከኋላ ሆኖ «ቲቸር፣ ከመቶ ሦስት ሰው ለሚያልፈው ነገር?» ሲለኝ ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ምን ብዬ ልመልስ? የ12ኛ ክፍል ፈተና ላይ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት በ2014 ዓ.ም. 3.3 ከመቶ፣ በ2015 ደግሞ 3.2 ከመቶ ነበሩ። ልጁ አልዋሸም። ገንዘብ የማይጠይቅ፣ ራሳችሁ የሞከራችሁት ነገር ካለ ወዲህ በሉኝ። ምክርማ ርዕሰ መምህራችን በየሰልፉ ይሰጣል።

መልስ፦ ሦስተኛ ዓመት ነኝ
መምህር፣ ዶክተርና ኢንጂነር እንግዳ አያምጡላቸው። ልጅ «እሱ ድሮም ጎበዝ ነበር» ብሎ ያልፈዋል። እዚያው ቀበሌ ያደገች፣ ውኃ ስትቀዳ የሚያውቋት ፍሬሽ (የመጀመሪያ ዓመት) ተማሪ ፈልገው ለሴሚስተር እረፍት ስትመጣ ይጥሯት። እኔ 8ኛ ክፍል እያለሁ የአክስቴ ልጅ ደሴ ግቢዋን አሳየችኝ። ላይብረሪውን ብዙም አላስታውሰውም። የማስታውሰው ዶርም ውስጥ ስድስት ሴቶች ሻይ አፍልተው ሲሳሳቁ ነው። ያን ቀን ነው የተመኘሁት።

ግቢውን ማየት ሌላም ጥቅም አለው። ከ2014 ጀምሮ ብዙው የ12ኛ ክፍል ተፈታኝ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ገብቶ፣ እዚያው አድሮ ሲፈተን ቆይቷል። ከኛ ትምህርት ቤት የሄዱ ልጆች የመጀመሪያውን ሌሊት ሲያለቅሱ ነው ያደሩት። እኔ ሽንት ቤቱ የት እንደሆነ እንኳ አውቅ ነበር። ቀላል ነገር አይምሰልዎት።

መልስ፦ ጅዳ ያለሁት
ከ9ኛ ክፍል አቋርጬ ነው የመጣሁት። ስደውል ቤተሰብ የሚጠይቀው ብሩ መግባቱን ነው፣ ሰፈር የሚያየው ደግሞ የተሠራውን ቤት ነው። ስንት ሰዓት እንደምተኛ የጠየቀኝ ሰው የለም። ለሴቶቹ ብቻ የሚሰማ፣ ስሜ የማይጠራበት የድምፅ መልእክት ልልክልዎት እችላለሁ። አትምጡ አልላቸውም፣ ፊት የለኝም። ከመጡም ጨርሰው ይምጡ።

መልስ፦ ጡረተኛ መምህር
ልጄ፣ ከላይ የተባለው ሁሉ ደግ ነው፤ ግን ምኞት ብቻውን ልጁን አያሳልፈውም። እኔ 31 ዓመት ሳስተምር ያየሁት፣ ልጅ የሚጠላው የማይችለውን ነው። 9ኛ ክፍል ሲገባ ከአማርኛ በቀር መጽሐፉ ሁሉ እንግሊዝኛ ይሆንበታል፤ ያኔ ነው በልቡ የሚያቋርጠው። አንተ ሒሳብ ነው የምታስተምረው። ክፍልፋይና አሉታዊ ቁጥር ላይ የወደቁትን ለይተህ በሳምንት ሁለት ቀን ግማሽ ሰዓት ያዛቸው። አንድ ጊዜ 70 ያየ ልጅ ሳትነግረው ስለ ዩኒቨርሲቲ ይጠይቅሃል።

ለዚያ ለኋለኛው ልጅ ደግሞ ቁጥሩን ጨርሰህ ንገረው። በ2016 ዓ.ም. 5.4፣ በ2017 ደግሞ 8.4 ከመቶ ሆኗል። ግማሽ ካላመጡትም የተወሰኑት ሪሚዲያል (የማካካሻ ትምህርት) ገብተው እንደገና ሞክረዋል። አሁንም ጥቂት ነው፣ አትሸፋፍንለት። ቴክኒክና ሙያ የሚባል መንገድ እንዳለም አትደብቀው።

ወላጆችን ስትጠራ ስለ ወጪ አስረዳቸው። ብዙ ገበሬ ዩኒቨርሲቲ በሬ የሚያሸጥ ይመስለዋል። መንግሥት ዩኒቨርሲቲ የሚገባ ልጅ ኮስት ሼሪንግ (የወጪ መጋራት ውል) ፈርሞ ይማራል፤ ዶርምና ምግቡም እዚያው ነው፤ ድርሻውን የሚከፍለው ሥራ ሲይዝ ነው። የሳሙና፣ የደብተርና የመሳፈሪያ ግን ከቤት ነው፤ እሱንም ንገራቸው፣ ኋላ እንዳይታዘቡህ።

መልስ፦ ባለ ባጃጁ
እነዚያ ልጆች የሚጠቅሱት ተመራቂ እኔ ሳልሆን አልቀርም። ሲቪል ምሕንድስና ነው የጨረስኩት። በሰፈሩ «ተምሮ የት ደረሰ» ሲባል የሚጠቆመው ወደኔ ነው፤ ክፍል ጠርቶ የጠየቀኝ መምህር ግን የለም።

ብጠየቅ፣ ዲግሪ ያዝክ ማለት ሥራ ያዝክ ማለት አይደለም እላቸዋለሁ። የኔ ስህተት መማሬ አይደለም፤ ዲፓርትመንት ስሞላ ጓደኛዬ የሞላውን መገልበጤ ነው። ሰርቬይንግ (የመሬት ልኬት ሙያ) የሚባል ነገር እንዳለ ያወቅሁት አራተኛ ዓመት ላይ ነው። ዛሬ ቅዳሜና እሑድ መሬት እየለካሁ የማገኘው ከባጃጇ ይሻላል። 8ኛ ክፍል ሆኜ ማን ምን እንደሚሠራ የነገረኝ ቢኖር ኖሮ... ተውት።

ጠያቂ፦ የሒሳብ መምህር
ሁላችሁንም አላህ ያክብራችሁ። ጋሼ፣ ማጠናከሪያውን ማክሰኞና ሐሙስ ጀምሬያለሁ፤ 17 ልጆች መጥተዋል። እህቴ፣ ድምፁን ላኪልኝ፣ በሴት መምህርት በኩል ለሴቶቹ አሰማልሻለሁ። የቀረኝ የግቢ ጉብኝቱ ነው። በር ላይ ጥበቃ እንዳይመልሰን ምን ይዤ ልሂድ?

መልስ፦ ሦስተኛ ዓመት ነኝ
የትምህርት ቤቱ ማኅተም ያለበት ደብዳቤ፣ ከልጆቹ ስም ዝርዝር ጋር። ለሕዝብ ግንኙነት ቢሮው ቀድመው ያስገቡት፤ በር ላይ ይዘውት ቢቆሙ አያስገቡዎትም። የፈተና ሳምንት እንዳይሆን ብቻ።

መልስ፦ ባለ ባጃጁ
መምህር፣ እኔ ዓርብ ከሰዓት ክፍልዎ ልምጣ። ሜትርና ገመድ ይዤ ሜዳውን እናስለካቸዋለን። የቤንዚኗን ብቻ ይቻሉኝ።