የአባት ፈቃድ፦ ሦስት ቀን፣ ከነእሑዱ

አዲስ አባት
ንዴቴን ላውጣው። ልጄ የተወለደችው ዓርብ ማታ 11 ሰዓት ላይ ነው። ባለቤቴ ከሌሊት ጀምራ ስታምጥ ቆይታ በመጨረሻ በኦፕራሲዮን ተገላገለች። ከጠዋት ጀምሬ ሆስፒታል ስለነበርኩ ዓርብ አንድ ተብሎ ተቆጠረ። ቅዳሜ ሁለት፣ እሑድ ሦስት። ሰኞ ጠዋት 2:30 ቢሮ ገብቼ ፈረምኩ። ባለቤቴ ያን ሰዓት ገና ሆስፒታል ተኝታለች። ከዓመት ፈቃዴ አምስት ቀን ስጡኝ ብዬ የሰው ኃይል ኃላፊውን ጠየቅኩት። «አንተ ነህ እንዴ የወለድከው?» አለኝ። ቢሮው ውስጥ የነበሩት ሁሉ ሳቁ። ዝም ብዬ ወጣሁ። ደረጃው ላይ ስደርስ እንባዬ መጣ።

ማታ ተደውሎ ከሆስፒታል መውጣታቸውን ሰማሁ። ልጄን አቅፋ ወደ ቤቷ ያስገባቻት ጎረቤታችን ናት። እግዜር ይስጣት። ግን እኔ ነበርኩ ማስገባት የነበረብኝ።

የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 ለአባት ሦስት ተከታታይ ቀን ከሙሉ ደመወዝ ጋር ይሰጣል። «ተከታታይ» የምትለዋን ቃል እዩልኝ። ለሠርግ ሦስት የሥራ ቀን ነው። ለሐዘን ሦስት የሥራ ቀን ነው። ልጅ ሲወለድ ብቻ እሑድም ይቆጠራል። ለምን?

የሕግ ሰው
እንኳን ማርያም ማረቻት። ልጅቷንም ያሳድግላችሁ። ያልከው ልክ ነው፣ አንቀጽ 81 ላይ ነው ያለው። ከእሱ በፊት በነበረው በ377/1996 ግን ይህችም አልነበረችም። እዚያው አንቀጽ ላይ ለከባድና ለተለየ ጉዳይ እስከ አምስት ቀን ያለ ደመወዝ መውጣት ይቻላል። ባለቤትህ በኦፕራሲዮን መውለዷን ጠቅሰህ በጽሑፍ ጠይቅ። በቃል ከጠየቅክ መልሱም በቃል ይሆናል።

የድሮ አባት
እኔ አራት ወልጄ አሳድጌያለሁ። አንድም ቀን ፈቃድ አልጠየቅኩም። አባት ለአራስ ቤት እንግዳ ነው። አራስ ቤት የሴቶች ነው። እናቷ ትመጣለች፣ ጎረቤት ገንፎ ያገነፋል፣ ቡና ይፈላል፣ እልል ይባላል። ወንድ እዚያ ተጎልቶ ምን ሊሠራ? ሥራውን ይሥራና የቅቤውን ዋጋ ይዞ ይምጣ። ልጅ እንደሆነ በዕድሉ ያድጋል።

የሁለት እናት
እንግዳ? በገዛ ቤቱ? የቤት ኪራዩን የሚከፍል፣ ልጁን የወለደ ሰው እንዴት ነው እንግዳ የሚሆነው?

አዲስ አባት
ጋሼ፣ ዕድሜዎን አከብራለሁ። ግን «እናቷ ትመጣለች» ያሉት እኛ ቤት አልሆነም። አማቼ ያለችው ጎጃም ገጠር ነው። ስልክ ሲደርሳት፣ መኪና ስታገኝ፣ አዲስ አበባ ስትገባ ሐሙስ ሆነ። ከሰኞ እስከ ሐሙስ አራስ ቤቱ ውስጥ ማን ነበር? የምንኖረው ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ጎረቤቶቻችንም ሠራተኞች ናቸው፣ ጠዋት ወጥተው ማታ ነው የሚገቡት።

የድሮ አባት
እንግዲህ ጊዜው ከፋ። እኔ ያልኩት የነበረውን ነው።

የሁለት እናት
የለም ጋሼ፣ «ነበረ» አላሉም። «እንግዳ ነው» ነው ያሉት።

አዋላጇ
ማዋለጃ ክፍል ከገባሁ ዘጠኝ ዓመቴ ነው። በኦፕራሲዮን የወለደች ሴት ከአልጋ ለመነሳት እጅ ትፈልጋለች። ሆዷ ተሰፍቷል። ከልጇ የከበደ ነገር አታንሺ ብለን ነው የምንሸኛት። ሽንት ቤት የሚወስዳት፣ ውኃ የሚያቀብላት፣ ልጁን አንስቶ ደረቷ ላይ የሚያስቀምጥላት ሰው የግድ ነው። የደም መፍሰስ ደግሞ አለ። አደጋው የሚብሰው በመጀመሪያዎቹ 24 ሰዓታት ነው፣ ከዚያም በኋላ ቢሆን ያሰጋል። ክትትሉ በ24 ሰዓት ውስጥ፣ በሦስተኛው ቀን አካባቢ፣ ከሳምንት በኋላ፣ ከዚያም በስድስተኛው ሳምንት ነው። ለመጀመሪያው ብቻ ነው ባል ይዟት የሚመጣው። ለሌላው ወይ ብቻዋን ትመጣለች፣ ወይ ትቀራለች። የሚቀሩት ብዙ ናቸው። ይህን «እንግዳ» የሚለውን ቃል ስሰማ የሚታየኝ ከበር ውጭ ቆመው «ልግባ?» የሚሉኝ ወንዶች ናቸው። መግባት ይፈልጋሉ። ማን እንደከለከላቸው ራሳቸውም አያውቁም።

ባለ ጋራዥ
ሁሉም ጥሩ ነው። ከፋዩ ማን ነው? ሰባት ሠራተኛ አለኝ። አንዱ ሲቀር መኪና ቆሞ ያድራል። የእናት ፈቃድ 30 ቀን ከወሊድ በፊት፣ 90 ቀን ከወሊድ በኋላ ነው። ጸሐፊዬ ስትወልድ የአራት ወሩን ደመወዝ የከፈልኩት እኔ ነኝ። በእሷ ቦታ ለቀጠርኳትም የከፈልኩት እኔ ነኝ። መንግሥት አንዲት ብር አላዋጣም። ለጡረታ በየወሩ 11 በመቶ አዋጣለሁ፣ ከዚያ ውስጥ ለወሊድ የሚውል የለም። አሁን ደግሞ ለአባትም ወር ስጥ በሉኝ። እኔም አባት ነኝ፣ ክፉ አይደለሁም። ግን ከየት አመጣለሁ?

ስቶክሆልም
ትክክለኛው ጥያቄ ይሄ ነው። እኔ ስዊድን ነው ያለሁት። እዚህ ለአንድ ልጅ 480 ቀን ይሰጣል። ከዚያ ውስጥ 90ው የአባት ብቻ ነው፣ ካልወሰደው ይቀርበታል። የሚከፍለው አሠሪው ሳይሆን የማኅበራዊ ዋስትና መሥሪያ ቤቱ ነው። ለአባት መስጠት የጀመሩት በ1974 እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ነው። ልጄን ስድስት ወር ይዤ ቤት ቆየሁ። ገንፎም አገነፋሁ።

ባለ ጋራዥ
ወንድሜ፣ ስዊድንን አታምጣብን። እኛ ያለነው መርካቶ ነው።

ስቶክሆልም
ከፋዩ ማን ነው ብለህ ስለጠየቅክ ነው የነገርኩህ።

ሲልቨር ስፕሪንግ
ሀብታም አገር ሁሉ እንደ ስዊድን እንዳይመስላችሁ። አሜሪካ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ከ1993 ጀምሮ ያለው የፌዴራል ሕግ 12 ሳምንት ይሰጣል፣ ግን ያለ ክፍያ። ያውም ድርጅቱ 50 ሰውና ከዚያ በላይ ካለው ነው። እኔ ልጄ በተወለደ በአምስተኛው ቀን ታክሲ ይዤ ወጣሁ። ሚስቴ እስከ ዛሬ ታነሳብኛለች። ልክ ናት።

የራይድ ሹፌር
እናንተ ስለ ሦስት ቀንና ስለ 90 ቀን ትከራከራላችሁ። እኔ ለማን ልጠይቅ? አለቃዬ መኪናው ነው። ባልወጣሁ ቀን የለም። ግንበኛው፣ ሊስትሮው፣ ተሸካሚውም እንደዚያው ነው። የእኔ ልጅ በተወለደ ማግሥት ከቦሌ ሰው አሳፍሬ እየሄድኩ ከኋላ አንዲት ሕፃን አለቀሰች። መኪናዬን ጥግ አቆምኩና ይቅርታ ጠየቅኳቸው። መንዳት አቃተኝ። እናትየው ሁሉም ገባት። «ሂድ ቤትህ» አለችኝ።

አዋላጇ
ይህን ሳነብ ሆዴ ባባ።

የሁለት እናት
እኔ ደግሞ እውነቱን ልናገር። ባሌ የመንግሥት ሠራተኛ ነው። በ1064/2010 አዋጅ 10 የሥራ ቀን አገኘ። ከእናንተ ከግሎቹ በሦስት እጥፍ ይበልጣል። አሥሩንም ቀን ሳሎን ተቀምጦ ጠያቂ ተቀበለ። ቢራ ከፈተ። ሌሊት ልጁ ሲያለቅስ ትራስ ጆሮው ላይ ደፍቶ ተኛ። ጋሼ እንግዳ ያሉት ያናደደኝ የእኔን ቤት ስለነገሩኝ ነው። ባሌ በእርግጥም እንግዳ ነበር። ስለዚህ ቀን ብቻ ጨምሩ አትበሉ።

አዲስ አባት
እህቴ፣ አዝናለሁ። ግን የእሱን ጥፋት ለእኔ መከልከያ አታድርጊው።

የሁለት እናት
አላደረግኩትም። አንተ ምን እንደምትሠራ ንገረን እስቲ። አሥር ቀን ቢሰጡህ ምን ልታደርግበት ነበር?

አዲስ አባት
እነግርሻለሁ። ማክሰኞ ማታ 1 ሰዓት ገባሁ። መስኮቱ ዝግ ነው፣ መጋረጃው ወርዷል፣ አራስ ብርድ እንዳይመታት ተብሎ። በአምፖል ሳያት ምንም አላየሁባትም። ረቡዕ ጠዋት ልወጣ ስል ልሰናበታት አነሳኋት። ወደ መስኮቱ ጠጋ ብዬ መጋረጃውን በትንሹ ገለጥኩት። ዓይኗን ስትከፍት ነጩ ክፍል ቢጫ ሆኗል። ደረቷን በጣቴ ጫን አድርጌ ስለቅ ቆዳዋም ቢጫ ነው። ሥራውን ተውኩትና ይዣት ሮጥኩ። ሁለት ቀን ሰማያዊ መብራት ሥር ዓይኗ በጨርቅ ተሸፍኖ ተኛች። ይህችን የምታህል ልጅ ዳይፐር ብቻ አድርጋ። እጄን በቀዳዳው አስገብቼ ሆዷ ላይ ሳስቀምጥላት ነበር ለቅሶዋን የምታቆመው። ረቡዕና ሐሙስ ያለ ፈቃድ ቀርቷል ተብሎ ከደመወዜ ተቆረጠ። አሥር ቀን ቢኖረኝ የማደርግበት ይሄው ነው። ልጄን በቀን ብርሃን ማየት።

አዋላጇ
ጎበዝ አባት ነህ። ቢጫነት አብዛኛውን ጊዜ የሚወጣው ከሁለተኛው እስከ አራተኛው ቀን ባለው ጊዜ ነው። ለብዙዎቹ በራሱ ይጠፋል። ከበረታ ግን አእምሮ ይጎዳል። በአምፖል አይለይም፣ በቀን ብርሃን ነው የሚታየው። የአባት ሦስት ቀን የሚያልቀው እንግዲህ ልክ እዚያ ላይ ነው።

የድሮ አባት
የእኛ ልጆችም ቢጫ ሆነው ያውቃሉ። አያታቸው ጠዋት ፀሐይ ታሞቃቸዋለች፣ ለጋ ቅቤ ታስልሳቸዋለች፣ ይለቃቸዋል።

አዋላጇ
ጋሼ፣ እባክዎ! ቅቤ ለሕፃን አይሰጥም። እስከ ስድስት ወር የእናት ጡት ብቻ። ያ መጀመሪያ የሚወጣው ቢጫ ወተት፣ እንገሩ፣ የመጀመሪያ ክትባቱ ማለት ነው። እሱን አስደፍተው ቅቤ የሚያስልሱ አያቶች ናቸው በየቀኑ የሚያስጨንቁን።

የጎንደር ልጅ
እኛ ሁላችን በቅቤ ነው ያደግነው። ምን ሆንን?

አዋላጇ
ያደግነው ነን ይህን የምንጽፈው። ያላደጉት አይጽፉም።

የጎንደር ልጅ
የአያቴን ስም አታንሺ።

አዋላጇ
አያትህን ማን ጠራ? ስለ ቅቤ ነው ያወራሁት። የእኔም አያት አስልሳለች። እወዳታለሁ። ግን አሁን አላስልስም።

የሕግ ሰው
ወደ ጉዳያችን እንመለስ። አዋጁ ያስቀመጠው ዝቅተኛውን ነው። የኅብረት ስምምነት ያለበት ድርጅት ከሦስት ቀን በላይ መስጠት ይችላል። ማኅበር ካላችሁ በሚቀጥለው ድርድር ይህን አስነሱ። ቢያንስ «ተከታታይ» የሚለው «የሥራ ቀን» በሚል ይተካ። ዓርብ የወለደች ሴት ባል ሐሙስ ከወለደችው ባል ለምን ይለያል?

ባለ ጋራዥ
ማኅበር ለማቋቋም አሥር ሠራተኛ ያስፈልጋል። እኔ ጋ ሰባት ናቸው። ለእነሱ ምን ትላለህ?

የሕግ ሰው
ለእነሱ አንተ አለህላቸው። አሥር ቀን አልልህም። ሰባት ሰው ባለበት ቤት ስንቱ ነው በዓመት የሚወልደው? አንድ? አንዱን ሰው አንድ ሳምንት ሸኘው።

ባለ ጋራዥ
በራሴ ፈቃድና በሕግ ግዴታ መካከል ልዩነት አለ። ባለፈው ዓመት አንዱ መካኒኬ ሲወልድ ሳምንት ሰጥቼዋለሁ፣ አጥሚቱንም ገዝቼ ልኬያለሁ። ሕግ ሲሆን ግን ሌላው አሠሪ ምን እንደሚያደርግ ልንገርህ። ትዳር ያለውን ወጣት አይቀጥርም። ሴቶቹ ላይ የሚሠራው ይሄ ነው። ቃለ መጠይቅ ላይ «ልጅ አለሽ ወይ?» እያሉ።

የሁለት እናት
እኔ ተጠይቄያለሁ። «በቅርቡ ለመውለድ አስበሻል?» ተብዬ። አላሰብኩም ብዬ ዋሸሁ። አሁን ወንዶቹም ይጠየቁ። ሁለቱም ሲጠየቁ መለየቱ ይቀራል።

ባለ ጋራዥ
ወይ ሁለቱም ሥራ ያጣሉ።

ስቶክሆልም
ለዚህ ነው ክፍያው ከአሠሪው ኪስ መውጣት የለበትም የምለው። ሁሉም በመቶኛ ትንሽ ትንሽ ቢያዋጣ፣ እንደ ጡረታው…

ባለ ጋራዥ
ሌላ መዋጮ! እኔ የምሰማው «ሌላ መዋጮ» የሚለውን ብቻ ነው።

የራይድ ሹፌር
እኔን አስገቡኝና አዋጣለሁ። ከእያንዳንዱ ጉዞ አንድ ብር ቢሆንም አዋጣለሁ። የሚያስገባኝ ከተገኘ።

የድሮ አባት
እንግዳ ያልኩትን አላነሳም። በእኛ ጊዜ እንደዚያ ነበር፣ አባት ሳሎን ነበር ቦታው። የመጀመሪያዋ ልጄን ክርስትና እስክትነሳ፣ 80 ቀን፣ አላቀፍኳትም። ትወድቅብኛለች ብዬ እፈራ ነበር። አሳየኝ ያልኩት ሰው የለም፣ ላሳይህ ያለኝም የለም። አዲስ አባት፣ የልጅቷ ቢጫነት ለቀቃት ወይ?

አዲስ አባት
ለቀቃት ጋሼ። ዓይኗ እንደ ወተት ነጭ ሆኗል። አሁን ደረቴ ላይ ናት፣ በአንድ እጄ ነው የምጽፈው። ነገ 2:30 መግባት አለብኝ።

የሁለት እናት
ጋሼ፣ ታዲያ ያኔ ቢያሳዩዎት ኖሮ ያቅፏት ነበር?

የጎንደር ልጅ
ቆይ፣ የቅቤው ነገር አላለቀም።