የመጀመሪያ ፍቅር አልረሳ ይላል ወይስ እኛ ነን የማንለቀው?

ንጋት፦ እስቲ ዛሬ በዚህ እንከራከር። አንዲት ጓደኛዬ ካገባች ቆይታለች፤ ባሏንም ትወዳለች። የመጀመሪያ ፍቅረኛዋ ስም ሲነሳ ግን ፊቷ ይለዋወጣል። ባሏ ይህን አይቶ ቅር ብሎታል። እኔ የምለው፣ የመጀመሪያ ፍቅር አይረሳም፤ አለመርሳት ደግሞ ክህደት አይደለም።

ጎልማሳው፦ ንጋትዬ፣ አልስማማም። በየማታው የሰውየውን ፎቶ እየከፈቱ «አልረሳ አለኝ» ማለት ምን የሚሉት ነው? ቁስል ካልነካኩት ይድናል።

ነርሷ፦ ጋሼ፣ ፈረዱባት እኮ! ሕመሙ የምር ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 የታተመ የአሜሪካኖች ጥናት አለ። በቅርቡ ሳይፈልጉ ከፍቅረኛቸው የተለዩ ሰዎች የዚያኑ ሰው ፎቶ እያዩ የአንጎላቸው ምስል በመሣሪያ ተነሣ። ክንዳቸውን የሚያቃጥል ሙቀት ሲነካቸው የሚነቃቁት አንዳንድ የአንጎል ክፍሎች በፎቶውም ተነቃቁ። የጃፓን ሐኪሞች ታኮትሱቦ ያሉት የልብ ሕመምም አለ። ድንገተኛ ኀዘን የልብን ጡንቻ ለጊዜው ያደክማል፤ አብዛኛው ሰው ግን ያገግማል። እባካችሁ፣ ልቡ የተሰበረን ልጅ «የልጅነት ነገር ነው፣ ተወው» አትበሉት።

ጎልማሳው፦ ልጄ፣ ሕመሙን መቼ ካድኩ? አንቺ ያነሳሽው ትኩስ ኀዘን ነው። 20 ዓመት ያለፈውስ?

እማዋይሽ፦ እዚህ ላይ እኔ ልግባ። አርባን ያለፈ ሰው ስለ ሕይወቱ ሲጠየቅ፣ ከ10 እስከ 30 ዓመቱ ያለው ትዝታ ይበዛበታል። በጥናት ደጋግሞ የታየ ነው። ፍቅር ብቻ አይደለም፤ ያኔ የሰማነው ዘፈን፣ የመጀመሪያው ሥራ፣ ከቤት የወጣንበት ቀን ሁሉ አብሮ ይቀራል። ሁሉም ነገር አዲስ የሆነበት ዕድሜ ነዋ። ስለዚህ ያ ሰው ከሌላው በልጦ አይደለም፤ የመጣው በዚያ ዕድሜ ስለሆነ ነው። እኔን ጥሎኝ የሄደው ልጅ የመጨረሻ ቀን የለበሰውን ሹራብ እስካሁን አውቀዋለሁ። አረንጓዴ ነበር፤ ከላይ አንድ ቁልፍ ጎድሎታል። ድምፁን ግን ረስቼዋለሁ። ይመለስ ብባልም አልፈልግም። ሹራቡን ማስታወሴ ባሌን ምን አጎደለበት?

ንጋት፦ እኔም ማለት የፈለግኩት ይህንኑ ነው።

ነርሷ፦ አንድ ነገር ልጨምር። ትዝታ በተነሳ ቁጥር ትንሽ ይለወጣል። ጥላ የሄደችውን ልጅ ሃያ ዓመት ሙሉ እያሳመረ የኖረ ሰው፣ ሚስቱን የሚያወዳድራት ጭራሽ ከሌለች ሴት ጋር ነው። እኔን የሚያስፈራኝ ይህ ነው፤ ማስታወሱ አይደለም።

ጎልማሳው፦ አሁን ገባኝ ያላችሁት፤ ይሁን። ግን ልኩ የት ነው? ስልክ መደወል ከተጀመረ ትዝታ አይባልም። ባልየውም ቢቀየም አልፈርድበትም።

ንጋት፦ በዚህስ እስማማለሁ ጋሼ። እሷ ግን አልደወለችም። ባሏም ፊቷን ከማንበብ አልፎ አንድ ቀን እንኳ ጠይቋት አያውቅም።