የየካቲት 12 እና የደብረ ሊባኖስ ሰለባዎች ሙዚየም፦ ሕንፃው ይቅደም ወይስ መዝገቡ?

የመወያያ ጥያቄ፦ ቀይ ሽብር ከ2002 ዓ.ም. ጀምሮ መስቀል አደባባይ ላይ ሙዚየም አለው። ፋሺስት የፈጃቸው ወገኖቻችን ግን ስድስት ኪሎ ሐውልት እንጂ ቤት የላቸውም። በአዲስ አበባ አንድ ብሔራዊ ሙዚየም ይሠራላቸው? በምክንያት ተከራከሩ።

ስድስት ኪሎ፦
ይሠራ እንጂ! መንግሥታችን ከጦርነቱ በኋላ ለፓሪስ የሰላም ጉባኤ ያቀረበው የሟቾች ድምር 760,300 ነው፤ ከዚህ ውስጥ 30,000ው የየካቲት 1929ኙ ጭፍጨፋ ሰለባዎች ናቸው። አፊሌ የምትባል የጣልያን ከተማ በ2004 ዓ.ም. በወረራው ዘመን የኢጣሊያ ገዥ ለነበረው ለግራዚያኒ መታሰቢያ ስታቆም እኛ ተማሪ ወስደን የምናሳይበት አዳራሽ የለንም። ቦታ ፍለጋ መድከም አያሻም። ግራዚያኒ ላይ ቦምቡ የተወረወረበት ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ዛሬም ዩኒቨርሲቲው ግቢ ውስጥ ቆሟል።

መዝገብ ቤት፦
ቁጥር ጠቀሱ፤ ስሙስ? የታሪክ ተመራማሪው ኢያን ካምቤል አጥንቶ ለአዲስ አበባው ጭፍጨፋ የደረሰበት ቁጥር 19,000 ገደማ ነው። ጎብኚ ስለ ልዩነቱ ቢጠይቅ አስጎብኚው ምን ሊል ነው? ሁለቱም ከነአቆጣጠራቸው ይለጠፉ ባይ ነኝ። ከግድግዳው በፊት ግን የስም መዝገብ ይቅደም።

ለእያንዳንዱ ሟች አንድ ቅጽ ይበቃል፦ የዓለም ስም፣ የክርስትና ስም፣ የአባትና የአያት ስም፣ ሰፈር ወይም ደብር፣ የሞተበት ቀንና ቦታ፣ ማን እንደተናገረና ዝምድናው። የክርስትና ስም ከተዘለለ አንዱ ሰው ሁለት ይሆናል፤ በፍትሐት ዝርዝር ወለተ ማርያም የተባለችው ቤተሰቧ ዘንድ በሌላ ስም ነው የምትጠራው። ፊደላችንም ያስቸግራል። ኃይሉ፣ ሀይሉና ሐይሉ ለኮምፒውተር ሦስት ሰዎች ናቸው። ስለዚህ አንዱ ዓምድ ስሙን እንደተገኘ ይይዛል፤ ሌላው ለፍለጋ ብቻ ሐንና ኀን ወደ ሀ፣ ሠን ወደ ሰ፣ ዐን ወደ አ፣ ፀን ወደ ጸ ይመልሳል። ቀንም እንዲሁ ነው። የደብረ ሊባኖስ መነኮሳት የተረሸኑበት ግንቦት 13 ቀን 1929 በፈረንጅ ሜይ 21 ቀን 1937 ነው፤ ወሩን ብቻ ለውጦ 13ን እንዳለ የሚተው ስላለ ሁለቱም አቆጣጠር ጎን ለጎን ይጻፍ።

ቀበና፦
የእድር መዝገቦችስ? እዚያ ስም ሞልቷል።

መዝገብ ቤት፦
ብዙዎቹ እድሮች የተስፋፉት ከወረራው ወዲህ ስለሆነ ለ1929 እምብዛም አይረዱም። የቤተሰብ ዳዊት ኅዳግ ይሻላል፤ ልደትም ሞትም እዚያ ይጻፍ ነበር። የቃል ምስክርነትማ እያመለጠን ነው፤ ያኔ የ10 ዓመት ልጅ የነበረ ዛሬ ወደ 100 ተጠግቷል። አሁን የምንቀዳው ባብዛኛው ከልጆቻቸው ስለሆነ «ያየ» እና «የሰማ» ተለይቶ ይመዝገብ።

ዲያቆኑ፦
ወንድሜ ስድስት ኪሎ፣ ሁሉ ነገር ለምን አዲስ አበባ ይከማቻል? ደብረ ሊባኖስ ራሱ አለ። ግራዚያኒ በገዛ ሪፖርቱ 297 መነኮሳት፣ ቆይቶም 129 ዲያቆናት ማስረሸኑን ገልጿል። በኋላ የተደረገ ጥናት ደግሞ ከ1,423 እስከ 2,033 ያደርሰዋል፤ ለተክለ ሃይማኖት በዓል ግንቦት 12 የመጡ ምእመናን ነበሩና። መነኮሳቱ የተረሸኑት ላጋ ወልዴ በሚባል ቦታ፣ ዲያቆናቱ ደግሞ ደብረ ብርሃን አካባቢ እንገጫ ነው። ገንዘቡ እዚያ አጥርና ጠባቂ ያቁምበት። አፅማቸውን በመስታወት ሣጥን ማሳየት ደግሞ ፈጽሞ አይታሰብ። የቀይ ሽብር ሙዚየም አሳይቷል፤ ፍርዱን ለቤተሰቦቹ እተዋለሁ። የመነኮሳቱ አፅም ግን ፍትሐት ተደርጎለት መቃብር ይገባዋል።

ቁፋሮ፦
መቀበሩን እስማማለሁ፤ ግን ከመቀበሩ በፊት ይቆጠር። ቦታው በገመድ በካሬ ተከፋፍሎ በማንኪያና በብሩሽ፣ ንብርብሩ በየተራ ይነሣል፤ እያንዳንዱ ደረጃ ከመለኪያና ከሰሜን ቀስት ጋር ፎቶ ይነሣል። አፅም በወረቀት ከረጢት እንጂ በላስቲክ አይያዝም፤ እርጥበት ታፍኖ ይሻግታል። የራስ ቅል መቁጠርም ያሳስታል፣ ይሰባበራልና። አንድ ዓይነት አጥንት፣ ለምሳሌ የቀኝ ጭን፣ ቢቆጠር ትንሹ የሰው ብዛት ይታወቃል። በአካፋ ተዝቆ ባንድ ሣጥን የተከተተ አፅም ግን ማንንም አይመሰክርም። ሩዋንዳ ሙራምቢ በተባለው የዘር ጭፍጨፋ መታሰቢያ ላይ አስከሬኖችን በኖራ አቆይተው አሳይተዋል፤ ያ የካጆችን አፍ ለመዝጋት የተመረጠ መንገድ ነው። የእኛ ካጅ የሚከራከረው በቁጥር ስለሆነ ቆጠራው ይበቃናል።

ቤተ ቅርስ፦
ሕንፃ ለምትሉ፦ አዲስ ሲሚንቶ ለወራት እርጥበት ይተፋል። ቀለሙ ሳይደርቅ ሰነድ ከገባ በመጀመሪያው ክረምት ይሻግታል። ማከማቻው ምድር ቤት አይሁን፣ ጎርፍ አለ፤ ከጣራም ሥር አይሁን። መሐል ላይ፣ ግድግዳው ወፍራም፣ መብራት ሲጠፋም ሙቀቱ ቶሎ የማይለዋወጥ ክፍል ይመረጥ። ለፎቶና ለወረቀት ብርሃኑ ከ50 ሉክስ (የብርሃን መጠን መለኪያ) አይለፍ። ግድግዳ ላይ ቅጂው ይሰቀል፣ ዋናው ጨለማ ውስጥ ይቀመጥ።

ከዚህ የሚከብደው የፎቶዎቹ ነገር ነው። ብዙዎቹን ያነሡት ራሳቸው ገዳዮቹ ናቸው፤ የተቆረጠ ራስ ይዘው የሚስቁባቸው አሉ። የአንሺው ማንነት መግለጫው ላይ ካልተጻፈ ጎብኚው ሳያውቀው በወታደሩ ዓይን ያያል። እነዚህ ለብቻ ክፍል፣ ከበሩ ማስጠንቀቂያ ጋር ይሁኑ።

ጠበቃው፦
ስያሜውም፣ በተለይ «ዘር ማጥፋት» የሚለው ቃል፣ ይታሰብበት። የዘር ማጥፋት ስምምነትን በ1949 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ቀድማ ያጸደቀችው ኢትዮጵያ ናት፤ ለየካቲት 12 ግን በዚህ ወንጀል የተፈረደበት የለም። ግራዚያኒ አገሩ 19 ዓመት የተፈረደበት ከጀርመን ጋር በመተባበሩ ነው። ቀይ ሽብር በአንጻሩ ፍርድ አለው፤ የ1949 ዓ.ም. ወንጀለኛ መቅጫ ሕግ አንቀጽ 281 የፖለቲካ ቡድንንም ይጨምር ነበር። ሁለቱን ባንድ ጣራ ማስገባት ክርክሩን ያባብሳል።

ስድስት ኪሎ፦
መዝገብ ቤት፣ ልክ ነዎት እንበል። ግን ቤት የሌለው መዝገብ የት ይኖራል? የፕሮጀክቱ ገንዘብ ሲያልቅ ሃርድ ዲስኩ መሳቢያ ውስጥ ይቀራል።

መዝገብ ቤት፦
ሦስት ቅጂ ይኑረው፤ አንዱ ከአዲስ አበባ ውጭ። በየዓመቱ ተከፍቶ የሚያረጋግጥ አንድ ደመወዝተኛ ይመደብ። የሕንፃው በጀት ሲጸድቅ የዚያ ሰው ደመወዝ አብሮ ካልገባ እኔ ድጋፌን አልሰጥም።