መንገድ ላይ ሳይክል ለመንዳት ከሄልሜት ሌላ ምን ልግዛ?

አዲስ_ነጂ፦
ሰላም ናችሁ? ስራ በሳይክል መመላለስ ከጀመርኩ ሁለት ወር ሆነኝ። ባለፈው ሳምንት ልክ ሊመሽ ሲል አንድ መኪና ከጎን መንገድ ወጥቶ ፊቴ ላይ ድቅን አለብኝ፣ ፍሬን ይዤ ለጥቂት ነው የተረፍኩት፣ ሹፌሩ ወርዶ "ወንድሜ ይቅርታ ጭራሽ አላየሁህም" አለኝ፣ እሱም በጣም ደንግጦ ነበር። ጥቁር ጃኬት ነበር የለበስኩት መብራት ደሞ የለኝም። ያለኝ ጓደኛዬ የሰጠኝ ሄልሜት ብቻ ነው፣ እሱ አንዴ ወድቆበታል ግን ስንጥቅ ምናምን የለውም። ሁሉንም ባንዴ መግዛት ስለማልችል ከምን ልጀምር? አንጸባራቂ ሰደርያ ይበቃሃል የሚሉኝ አሉ።

የማታ_ነጂ፦
እንኳን ፈጣሪ አተረፈህ። ከመብራት ጀምር፣ ሰደርያው አይበቃም። ያ ደማቅ አረንጓዴ ቢጫ ጨርቅ የሚያበራው በፀሀይ ጨረር ስለሆነ ለቀን ነው፣ ማታ ላይ እንደማንኛውም ልብስ ነው። ብርማዎቹ መስመሮች ደሞ ብርሀኑን የሚመልሱት ወደመጣበት ነው፣ ያንተ መኪና ከጎን ነው የወጣው አይደል፣ መብራቱ አንተ ላይ እስኪያርፍ ድረስ ምን ያንጸባርቃል? እዛ ጋ የሚያድንህ የራስህ መብራት ነው። ከፊት ነጭ ከኋላ ቀይ፣ የፊቱን ትንሽ ወደ አስፋልቱ አዘንብለህ እሰረው ከፊት የሚመጣውን ሰው አይን እንዳይወጋ። ከዛ ገንዘብ ከተረፈህ ቁርጭምጭሚት ላይ የሚታሰር አንጸባራቂ ግዛ፣ እግርህ ከፔዳሉ ጋር ከፍ ዝቅ ሲል ከኋላ ያለ ሹፌር ሳይክል መሆኑን ቶሎ ይለያል።

ሁለት_ጎማ፦
ሄልሜቱን በተመለከተ እባክህ ወንድሜ ቀይረው። ውስጡ ያለው ቲቪ ሲገዛ ካርቶኑ ውስጥ የሚመጣው አይነት ነጭ ፎም ነው፣ ስራው ተጨፍልቆ ምቱን መዋጥ ነው፣ አንዴ ከተጨፈለቀ ደሞ ወደነበረበት አይመለስም። እኔ የወደቅኩበትን ሄልሜት ከላይ ሳየው ጭረት ብቻ ነበር፣ የውስጡን ስፖንጅ ላጥ አድርጌ ሳየው ግን ጆሮዬ በላይ ባለው በኩል ፎሙ ጎድጉዶ በጣቴ ይታወቀኝ ነበር። አዲስ ስትገዛ ውስጡ ያለውን ወረቀት አንብብ፣ ኢኤን 1078 (EN 1078፣ የአውሮፓ የደህንነት ደረጃ) ወይም ሲፒኤስሲ (CPSC፣ የአሜሪካው) የሚል መኖር አለበት። አደራረጉም ወሳኝ ነው፣ ከቅንድብህ ሁለት ጣት ያህል ብቻ ከፍ ይበል፣ ወደኋላ ገፍቶ ግንባር አጋልጦ መንዳት ያው አለማድረግ ነው። አፍህን በደንብ ስትከፍት ሄልሜቱ ጭንቅላትህን ጫን ካደረገህ ማሰሪያው ልክ ነው።

እርጋታ፦
ሁለቱም ያሉት ልክ ነው ግን ፍሬኑን ማን ያንሳ? አሁንም እኮ ያዳነህ ፍሬን ነው። እ.ኤ.አ በ1968 የወጣው የቪየና የመንገድ ትራፊክ ስምምነት ለሳይክል የሚጠይቀው ፍሬን፣ ደወል፣ የኋላ ቀይ አንጸባራቂና የፊትና የኋላ መብራት ነው፣ እዛ ዝርዝር ላይ ሄልሜት የለም። አታድርግ እያልኩ አይደለም፣ ሄልሜት የሚሰራው ከወደቅክ በኋላ ነው ለማለት ነው። የፍሬኑን እጀታ ጨምቀው፣ መሪውን እስኪነካ ከገባ ሽቦውን አስጠብቅ ወይ የፍሬኑ ጎማ አልቋል። ከቆሙ መኪኖች ደሞ አንድ ሜትር ከምናምን ራቅ በል በር ሲከፈት እንዳይመታህ፣ ትልቅ መኪና ሊታጠፍ ሲል በሚታጠፍበት ጎን በፍጹም አትግባ፣ እዛ ጋ በስፖኪዮም አያይህም።

አዲስ_ነጂ፦
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። መብራቶቹን ዛሬ ገዛሁ፣ የፊት ፍሬኑም እውነትም መሪውን ሊነካ ምንም አልቀረው አስጠበቅኩት። ብልጭ ድርግም የሚለው ላይ ላድርገው ወይስ ዝም ብሎ የሚበራው ላይ?

የማታ_ነጂ፦
ብልጭ ድርግም የሚለው ቶሎ አይን ይስባል ግን በጨለማ ርቀትህን ለመገመት ያስቸግራል፣ ጀርመን ሀገር ጭራሽ ሳይክል ላይ ክልክል ነው። ስለዚህ ሲመሽ ዝም ብሎ የሚበራው ላይ አድርገው፣ ቻርጁንም ቤት ስትገባ ሰክተው እንዳትረሳ።